በቡሄ ዋዜማ አዲስ አበባ የገባችው አውሮፕላን

(በኢዮቤልዩው በዓል ምሽት ከተደረጉት ንግግሮች አንዱ)



ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ የኢዮቤልዩ በዓል ላይ እንድናገር ዕድሉን ለሰጠኝ አዘጋጅ ኮሚቴ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ኮሚቴው «ስለ ሙያህ ጥቂት በል» ሲለኝ ስለ ቁም ሣጥንና ስለ አልጋ የምናገር ሳይመስለው አልቀረም። እንደምታውቁት እኔ አናጢ ነኝ። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ እኔ በሠራሁት በር ትገባላችሁ፣ ትወጣላችሁ። አንዳንዱ በር በጥር እርጥበት አብጦ አልዘጋ እንደሚል አልጠፋኝም፤ ስለ እርሱ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አውሮፕላን ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ልጅ ጥያቄ ነው። የልጆቻችን የአማርኛ ክፍል ውስጥ የተሰበረ ዴስክ ልጠግን ገብቼ ሳለሁ መምህርቷ ስለ አየር መንገዳችን ታስተምር ነበር። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ እጁን አወጣና «እነዚህ አውሮፕላኖች ሁሉ የተገዙ ናቸው፤ እኛ ራሳችን ሠርተን እናውቃለን ወይ?» ብሎ ጠየቀ። መምህርቷ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። መዶሻ የያዘ ሰው ያውቃል ብላ ይሆናል። እኔ ደግሞ መልሱን አላውቀውም ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ እስከ ዛሬም አላቆምኩም።

የልጁ ጥያቄ መልስ «አዎን» ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው አብራሪና መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። ንድፉ ከአውሮፓ የመጣ ቢሆንም የተገጣጠመችው እዚያው በአገራችን አፈር ላይ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። በማግሥቱ ዓመት ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ አውሮፕላኗን ወሰዳት፤ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባለው ቦታ ባለው የጣልያን አየር ኃይል ሙዚየም ውስጥም የጎብኚ መመልከቻ ሆና ኖረች። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመለሰች። ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችኋታል። እኔም ያን ዕለት መጋዜን አስቀምጬ አየሁ። የክንፏን መጋጠሚያ ለማየት ብጓጓም ካሜራው ከባለሥልጣናቱ ፊት አልነቀል ብሎ አንጀቴን አቃጠለው።

«እሱማ በቤተ መንግሥት ገንዘብና በፈረንጅ መሐንዲስ የተሠራ ነው» የሚል ካለ ሁለተኛ መልስ አለኝ። አስመላሽ ዘፈሩ የሚባል ወጣት በዘመናችን፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የዓለም ጋዜጠኞች ሁሉ የጻፉለት፣ በገዛ እጁ አውሮፕላን ሠርቷል። ይህ ሰው የተማረው የጤና ሙያ ነው። አብራሪ ለመሆን ፈልጎ ቁመቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር አንሶ ሳይቀበሉት ቀሩ። በአንድ ሴንቲ ሜትር! እኔ በር ስሠራ ከዚያ የበለጠ እሳሳታለሁ። እሱ ግን ተስፋ ቆርጦ አልተቀመጠም፤ መጻሕፍት እያነበበ፣ በኢንተርኔት የሚገኙ ቪዲዮዎችን እያየ፣ ዕቃ ከመርካቶ እየለቀመ ሠራው። ሞተሩ የቮልስ መኪና ሞተር ነው። ሥራው 570 ቀን ስለፈጀበት ቁጥሩን በስሙ ውስጥ አስገባውና «ኬ-570ኤ» ብሎ ጠራው፤ «ኬ» የእናቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው። ሰንዳፋ ወስዶ ሲሞክረውም በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከመሬት አልተነሣለትም። ልጆች፣ ይህን ያልደበቅኋችሁ ስለምኮራበት ነው። ያን ያህል ሕዝብ እያየው አልነሣ ሲለው ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ መመለስ ከመሥራቱ ይልቅ የሚከብድ ይመስለኛል።

አሁን ወደምንኖርባት ከተማ ልምጣ። ባነበብኩት ሁሉ ውስጥ ከሁሉ በላይ የገረመኝ ይህ ነውና ታግሣችሁ ስሙኝ።

ወደ ኢትዮጵያ የገባችው የመጀመሪያዋ አውሮፕላን የመጣችው ከእዚህ ከጅቡቲ ነው። በኦገስት 18 ቀን 1929 እ.ኤ.አ. አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ አብራሪ «ፖቴዝ 25» የምትባለውን ባለ ደራርብ ክንፍ አውሮፕላን እያበረረ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ገባ። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ማለት ነው። ነሐሴ 12 ምን እንደሆነ እናቶች ታውቁታላችሁ። የቡሄ ዋዜማ ነው! የአዲስ አበባ ልጅ ችቦውንና ጅራፉን አዘጋጅቶ በሚጠብቅበት ቀን ከሰማይ ሌላ ድምፅ መጣበት። ያን ጊዜ ንጉሥ ተፈሪ መኮንን ገና ንጉሠ ነገሥት አልሆኑም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1930 እ.ኤ.አ.፣ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ።

መንገዱን አስቡት። በምድር ባቡር 784 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ዘመን ባቡሩ ሌሊት ሌሊት ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። በአየር ቀጥታ ቢለካ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማዬ ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ የነሐሴን ሙቀት ለብሶ፣ በረሃውን ተሻግሮ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ላይ በክረምት ደመና መካከል መውረድ ነበረበት። የአብራሪው መቀመጫም ጣሪያ አልነበረውም። ፖቴዝ 25 ጠንካራ አውሮፕላን መሆኗን ሌሎችም መስክረውላታል፤ ጊዮሜ የተባለው ፈረንሳዊ የፖስታ አብራሪ በ1930 እ.ኤ.አ. በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራራ በበረዶ ውስጥ የወደቀው በዚህችው ዓይነት አውሮፕላን ነበር፤ በእግሩ ቀናት ተጉዞ በሕይወት ወጣ።

እኛ ጅቡቲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለዚህች ከተማ ስንናገር ወደቡን እናነሣለን፣ ባቡሩን እናነሣለን፣ ፔካ 12 ላይ የሚቆሙትን ሾፌሮቻችንን እናነሣለን። አውሮፕላኗን ግን ሲያነሣ የሰማሁት ሰው የለም። ልጆቻችን ወደ አገር ቤት ለዕረፍት ሲሄዱ በዚያው አየር ላይ ያልፋሉ፤ አያውቁትም። እኔም በዚህ ከተማ ይህን ያህል ዘመን እንጨት ስላግ ስኖር አላውቀውም ነበር።

እንግዲህ ሐሳቤ ይኸው ነው። ያቺን ፖቴዝ በትክክለኛ መጠኗ፣ አምሳያዋን፣ እዚሁ ጅቡቲ ላይ በእጃችን እንሥራት። መቶኛ ዓመቷ ኦገስት 18 ቀን 2029 እ.ኤ.አ. ነው፤ ነሐሴ 12 ቀን 2021 ዓ.ም.። ቀኑም ቅዳሜ ይውላል፤ ሥራ አለኝ የሚል ሰው እንዳይኖር አስቀድሜ ቆጥሬዋለሁ።

«ይህ ሰው አብዷል» የሚል ፊት ከወዲያ በኩል አያለሁ። ስለዚህ አናጢ እንደመሆኔ በአናጢ ቋንቋ ላስረዳ።

የዚያን ዘመን አውሮፕላን ብረት የምንለው ነገር እምብዛም የለበትም። ሞተሩን ከተውነው አብዛኛው እንጨት፣ ጨርቅና ሽቦ ነው። ክንፉን እንደ ቤት ጣሪያ አስቡት። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄዱ ሁለት ወራጆች አሉ፤ ሸክሙን የሚሸከሙት እነርሱ ናቸው። በእነዚያ ላይ እንደ ማገር የሚሰደሩት ቀጫጭኖቹ እንጨቶች የክንፉን ቅርጽ የሚሰጡ ናቸው፤ የጎድን አጥንት እንበላቸው። ከዚያ ላይ ጨርቅ ይለብሳል። በዚያን ጊዜ ከተልባ ቃጫ የተሠራ ጨርቅ ነበር፤ ከአጥንቱ ጋር በረጅም መርፌ ይሰፋና የሚያኮማትር ቅባት ይቀባል፤ ቅባቱ ሲደርቅ ጨርቁ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። በጣታችሁ ብትመቱት ድም ይላል። ስፌቱ የእኔ ሙያ አይደለም፤ ከመካከላችን የልብስ ስፌት ቤት ያላችሁ እኔን ታስተምሩኛላችሁ።

ክንፉ ሁለት የሆነበትም ምክንያት አለው። አንድ ረጅም ሳንቃ በአንድ ጫፉ ብቻ ይዛችሁ ብትዘረጉት ይጎብጣል። ሁለት ሳንቃ ከላይና ከታች አድርጋችሁ በመካከላቸው ቋሚ ብታቆሙና በሰያፍ ሽቦ ብትወጥሩት ግን አይበገርም። የሆልሆልን የባቡር ድልድይ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ቀጫጭን ብረቶች እርስ በርስ ስለተያያዙ ያን ሁሉ ፉርጎ ተሸክመው ኖረዋል። በፖቴዝ የታችኛው ክንፍ ከላይኛው ያጥራል። የላይኛው ከጫፍ ጫፍ 14 ሜትር ከጥቂት ሴንቲ ሜትር፣ የአውሮፕላኗም ርዝመት 9 ሜትር ያህል ነው።

14 ሜትር! እዚህ ከተማ ውስጥ 14 ሜትር ግቢ ያለው ማን ነው? እኔ የለኝም። ይህ ነገር ለብዙ ጊዜ እንቅልፍ ነሥቶኝ ከቆየ በኋላ አንድ ሌሊት መልሱ ታየኝ፤ ግቢ አያስፈልገንም። በየ30 ሴንቲ ሜትሩ አንድ አጥንት ብናስቀምጥ ለሁለቱ ክንፎች 80 ገደማ አጥንቶች ይበቁናል። አንዷ አጥንት በምግብ ጠረጴዛ ላይ ትሠራለች። ቅርጿ በወፍራም ሳንቃ ላይ ተሥሎ በምስማር ይከበባል፤ ቀጫጭኑ እንጨት በምስማሮቹ መካከል ይገባል፤ መጋጠሚያው በኮምፔርሳቶ ቁራጭ በኮላ ይያያዛል፤ በማግሥቱ ይወጣል። እኔ ብቻዬን ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል። አንድ አባት ከሁለት ልጆቹ ጋር ከእራት በኋላ ሊሠራው ይችላል። አርባ ቤተሰብ ሁለት ሁለት ቢወስድ የክንፉ አጥንት አለቀ ማለት ነው። ፈረንጆቹም ከዚህ የራቀ ነገር አላደረጉም፤ ሞስኪቶ የተባለውን የእንግሊዞች የእንጨት የጦር አውሮፕላን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ክፍል ክፍሉን ወንበርና ቁም ሣጥን ሠሪዎች ሠርተውታል። የእኔ ብጤዎች ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ያጠፋሁትን ልናገር፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል።

ባለፈው የካቲት ወር ለሙከራ ብዬ ሁለት ሜትር የሚሆን የክንፍ ቁራጭ ሠራሁ። እንጨት ውድ ነው፤ ይህች አገር እንጨቷን ሁሉ ከውጭ ነው የምታስገባው፤ በዳይ ተራራ ያለው ጽድ ደግሞ ተጠብቆ እንዲኖር እንጂ እንዲቆረጥ የምንመኘው አይደለም። ስለዚህ ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ ከወደብ የወጣ የዕቃ መጫኛ ሣጥን እንጨት ተጠቀምኩ። ሰንጥቄ፣ በፒያላ ልጌ ሳየው አማረብኝ። እርጥበቱን አልለካሁም። ሠላሳ ዓመት የሠራሁ አናጢ ስለሆንኩ በእጄ ዳስሼ አውቃለሁ ብዬ ተመካሁ። ልጆቹን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ አንዳንዱ ከእነ ጓደኛው መጣ፤ ያ የጠየቀው ልጅ ደግሞ በእርሳስ ስሙን በአንዷ አጥንት ላይ ጻፈባት።

ከዚያ ሐምሌ መጣና ከምሲን ነፈሰ። ያ ደረቅ ነፋስ በእንጨቱ ውስጥ የነበረውን ውኃ ሁሉ መጠጠው። ወራጁ ተጣመመ፤ ሦስት አጥንቶች ከኮላቸው ተላቀቁ፤ ክንፉ እንደ ተጠመዘዘ ፎጣ ሆነ። ልጆቹ ሊያዩ በመጡ ጊዜ ኮላውን ሰበብ አደረግሁ። «ኮላው ነው ያበላሸብን» አልኳቸው። ውሸት ነው፤ ኮላው ደህና ነበር። ያ ልጅ ስሙ ያለባትን አጥንት አነሣ፣ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና ምንም ሳይል መልሶ አስቀመጣት። እሱ ምንም አለማለቱ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስላለ በሁላችሁ ፊት ልንገረው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እንጨቱን ሳላደርቅ ነው የሠራሁት።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ይህን ነው። እንጨቱ ቃጫው ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለበት፣ በጥላ ሥር ለወራት የደረቀ መሆን አለበት። የእኛ አገር ዝግባ ቢገኝ እወድ ነበር፤ ቀላልም ቀጥም ነው። ኮላም ቢሆን በበጋው ሙቀት ኢፖክሲ የሚባለው ሳታስቡት ጣሳው ውስጥ ይደርቅባችኋል፤ የኮላ ሥራ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ በማለዳ መሆን አለበት። በነገራችን ላይ የድሮዎቹ አውሮፕላን ሠሪዎች ኮላቸውን የሚያወጡት ከወተት ነበር። አይብ ለዶሮ ወጥ ብቻ ለሚመስለን ይህ ጥሩ ወሬ ነው። ነገር ግን ያ ኮላ እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታልና እኛ አንሞክረውም።

አሁን ወደ ትልቁ ጭቅጭቅ ልግባ። ሐሳቤን ያካፈልኳቸው ወዳጆቼ በሁለት ተከፍለዋል። ወጣቶቹ «የማይበር ከሆነ አውሮፕላን ሳይሆን ጎጆ ነው» ይሉኛል። እናቶች ደግሞ «ማን ልጁን ሰጥቶ ያበርራል!» ይላሉ። እኔ ከእናቶች ወገን ነኝ። የእውነተኛዋ ፖቴዝ ሞተር 450 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበረው፤ የዛሬ መቶ ዓመት ሞተር ከየት እናመጣለን? ሌላ ሞተር ይግባ ቢባል ክብደቱ ይለወጣል፤ ክብደቱ ሲለወጥ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። ደግሞም የእኔን የተጣመመ ወራጅ አስታውሱ። በር ሲጣመም ሰው ይሰድበኛል፤ ወራጅ አየር ላይ ቢጣመም ግን የሚሰድበኝም አይተርፍ።

መብረር የሚችል አምሳያ የሠሩ የሉም አልልም። ቪከርስ ቪሚ የተባለችው የጥንት አውሮፕላን አምሳያ በ1994 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ አውስትራሊያ ድረስ በርራለች። ሀብታቸውና ሙያቸው ሌላ ነው። ያም ሆኖ ሀብትና ሙያ ብቻም አይበቃም። የራይት ወንድማማቾች በዲሴምበር 17 ቀን 1903 እ.ኤ.አ. ለ12 ሴኮንድ፣ 36 ሜትር ያህል የበረሩበት መቶኛ ዓመት ሲከበር አሜሪካኖች እጅግ ተጠንቅቀው ያሠሯትን አምሳያ እዚያው ቦታ ላይ ሊያስነሡ ሞከሩ። ፕሬዚዳንታቸው ሳይቀር በበዓሉ ተገኝተው ነበር። ዝናቡ ዘነበ፣ ነፋሱ ጠፋ፣ አውሮፕላኗም አልነሣ ብላ ከሐዲዷ ወርዳ ጭቃ ውስጥ ቆመች። ሰንዳፋም፣ እዚያም፣ አየር ለማንም አያዳላም።

ለወጣቶቹ ግን ግማሽ መንገድ እመጣላቸዋለሁ። አትበርም፤ ነገር ግን ሙት አትሁን። አንድ ልጅ አብራሪው ቦታ ላይ ተቀምጦ መሪውን ወደ ግራ ሲገፋ የክንፉ ጫፍ እውነት ይንቀሳቀስ፤ በእግሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ጅራቷ ይታጠፍ። ሽቦውና መዘውሩ ሁሉ በቦታው ይኑር። የሽቦውን ሥራ ጋራዥ ያላችሁ ወንድሞች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ውልብልቢቱን እኔ እጠርባለሁ፤ ያንን ለማንም አልሰጥም።

የቀሩ ነገሮች አሉ። ጨርቁ ከመቶ ሜትር ካሬ በላይ ይፈልጋል፤ የክንፎቹ ስፋት ብቻ ከላይና ከታች ሲቆጠር ወደዚያ ይጠጋልና። ወራጆቹ አራት አራት ሜትር ሆነው ተሠርተው በኋላ የሚቀጣጠሉበት ጥላ ያለው መጋዘን ያስፈልገናል፤ የትራንዚት ሥራ የምትሠሩ ወንድሞች፣ ዓይኔ እናንተ ላይ ነው። ሲያልቅ የምትቆምበትን ቦታ ገና አላገኘንም፤ እሱን ለኮሚቴው እተዋለሁ። ከፊት፣ ከጎንና ከላይ የታየችበትን ሥዕል ከመጻሕፍት አግኝቼ በትክክለኛው መጠን አሳድጌዋለሁ፤ የአጥንቷም ቅርጽ በሳንቃ ላይ ተሥሎ ተዘጋጅቷል።

ስትወጡ በሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ አለ። በላዩ ላይ ሁለት የክንፍ አጥንቶች ተቀምጠዋል። አንዷ ከምሲን ያጣመማት፣ ስም የተጻፈባት ናት። ሁለተኛዋን በደረቀ እንጨት አዲስ የሠራኋት ናት፤ ሐምሌንም ነሐሴንም ዐልፋለች። ሁለቱንም እያነሣችሁ አስተያዩአቸው፤ አይሰበሩም፣ አትፍሩ። አጠገባቸው ደብተር አለ፤ አጥንት ቤቱ ወስዶ ለመሥራት የሚፈልግ ቤተሰብ ስሙንና ስንት እንደሚወስድ ይጻፍ። ከ1 እስከ 80 ቁጥር አስምሬበታለሁ። የመጀመሪያውን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ፤ እሱ የዚያ ልጅ ነው፣ ከፈለገ።

እርሳሱን ግን እንዳትወስዱብኝ።